የዕጢው ስንቅ

ጁዳ ፎክማን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ሲመደብ የተሰጠው ሥራ ከካንሰር ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። (የዚህ ምዕራፍ ዓመታት፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ለወራት ባሕር ላይ ይቆያሉ፤ ለቁስለኛ የሚይዙት ደም ግን ከጥቂት ሳምንታት በላይ አይቆይም። ወጣቱ ቀዶ ሐኪም ሜሪላንድ ቤቴስዳ ባለው የባሕር ኃይል የሕክምና ማዕከል ደምን የሚተካ ፈሳሽ እንዲፈልግ ታዘዘ። እሱና ባልደረባው ፍሬድሪክ ቤከር ከእንስሳ አንገት የወጣ ታይሮይድ መስታወት ዕቃ ውስጥ አኑረው የሄሞግሎቢን ፈሳሽ ያዘዋውሩበት ጀመር። ፈሳሹ ሕይወት ማቆየት መቻሉን ለመፈተን ቶሎ የሚያድግ ነገር አስፈለጋቸውና የአይጥ ካንሰር ሕዋሳት ተከሉበት።

ሕዋሳቱ አደጉ። አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ላይ ሲደርሱ ግን አንድም ሳይቀር ቆሙ። ሞተዋል እንዳይባል፣ ተነቅለው ወደ አይጥ ገላ ሲመለሱ ያለ ልክ አድገው አይጧን ይገድላሉ። መስታወት ውስጥ ያለው ዕጢና አይጥ ውስጥ ያለው ዕጢ በምን እንደሚለያዩ ፎክማን ደጋግሞ ሲመረምር ያገኘው ልዩነት አንድ ነበር፤ አይጥ ውስጥ ያለው ዕጢ በአዳዲስ የደም ሥሮች ተወሯል፣ መስታወት ውስጥ ያለው ግን አንድም አልበቀለለትም።

ለምን ሚሊሜትር ላይ እንደሚቆም ለመረዳት የኦክሲጅንን ጉዞ ማስላት ይበቃል። ኦክሲጅን ከጥቃቅኗ የደም ሥር ወጥቶ በሕዋሳት መካከል ሰርጎ መሄድ የሚችለው ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር ነው፤ የአንድ ወይም የሁለት ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ከዚያ ያለፈ ሕዋስ ይታፈናል። ስለዚህ ማንኛውም ዕጢ ከጤፍ ፍሬ ብዙም ሳይበልጥ የራሱን የደም ሥር ካላስመጣ እዚያው ይቀራል። ፎክማን ይህን ሐሳብ በኅዳር 1971 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ አወጣው። ዕጢ ደም ሥር የሚጠራ ኬሚካል ይረጫል፤ ጥሪውን ማፈን ከተቻለ ዕጢውን በረሃብ ማቆም ይቻላል አለ። በጊዜው የነበሩ ብዙ ሊቃውንት ዕጢ አጠገብ የሚታየውን የደም ሥር የቁስለት እብጠት ያመጣው ነገር አድርገው ይቆጥሩት ስለነበር ሐሳቡን አልተቀበሉትም፤ የቀዶ ሐኪም ቅዠት ያሉትም ነበሩ።

ማስረጃው እየዘገየ መጣ። ጥሪውን የሚያስተላልፈውን ዋና ፕሮቲን፣ ቪኢጂኤፍን፣ ናፖሊዮኔ ፌራራ ጄነንቴክ በተባለው ኩባንያ ውስጥ በ1989 ለይቶ አወጣ። ሕዋስ መታፈኑን በምን እንደሚያውቅ የተመራመሩት ግሬግ ሴመንዛ፣ ፒተር ራትክሊፍና ዊልያም ኬሊን በ2019 የኖቤል ሽልማት አገኙ። የኦክሲጅን እጥረት ሲገጥመው ሂፍ የተባለ ፕሮቲን ሕዋሱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሂፍ ደግሞ ቪኢጂኤፍ እንዲመረት ያዛል። ይህ ሥርዓት የካንሰር ፈጠራ አይደለም። ቁስል ሲጠግግ፣ የወር አበባ ዑደት ሲመላለስ፣ የእንግዴ ልጅ ሲያድግ ሁላችንም እንጠቀምበታለን። ከእነዚህ ውጪ በጤነኛ አዋቂ ገላ ውስጥ የደም ሥርን የሚሸፍኑት ሕዋሳት ከዓመት ዓመት ሳይከፈሉ ይኖራሉ። ተመራማሪዎቹን ያስጎመጃቸውም ይኸው ነው፤ የሚከፈሉትን ብቻ መምታት ቢቻል ሌላው ገላ ብዙ ሳይጎዳ ይቀራል የሚል ተስፋ ነበራቸው።

የተስፋው ልክ በ2004 ተለካ። ቪኢጂኤፍን የሚይዘው ቤቫሲዙማብ፣ በገበያ ስሙ አቫስቲን፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ለተሰራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሲፈቀድ፣ ከኬሞቴራፒ ጋር የወሰዱት ሕመምተኞች የመካከለኛ ዕድሜ ከ15.6 ወር ወደ 20.3 ወር ከፍ ብሎ ነበር። አምስት ወር ገደማ ለሕመምተኛና ለቤተሰቡ ትንሽ አይደለም። ነገር ግን ዕጢው በረሃብ አልሞተም፤ ሌላ ጥሪ አሰማ፣ ወይም ቀድሞ የነበሩትን የደም ሥሮች ተጠግቶ አደገ። ገላውም ዋጋ ከፍሏል። የደም ግፊት ይጨምራል፣ ቁስል ለመዳን ይዘገያል፣ አልፎ አልፎ አንጀት ይበሳል። ከዚህ በኋላ ስለ ዕፅዋት ስናወራ ይህን ልኬት አንርሳው፤ በትክክል ተነጣጥሮ፣ በደም ሥር ተሰጥቶ፣ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የተሠራ መድኃኒት እንኳ ያስገኘው በወራት የሚቆጠር ነው።

ዕፅዋት ወደዚህ ታሪክ የገቡት በዋናነት በዶሮ ዕንቁላል በኩል ነው። በፎክማን ቤተ ሙከራና በሌሎችም የዳበረው ዘዴ ቀላል ነው። ጫጩት ያለበት ዕንቁላል ለቀናት ሙቀት ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ ቅርፊቱ ላይ ትንሽ መስኮት ይከፈታል። ከሥሩ የሚታየው ስስ ሽፋን ጫጩቱ የሚተነፍስበት ነው፤ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ እየወጣለት በደም ሥሮች የተሞላ። ተመራማሪው ሊፈትነው የፈለገውን ነገር ትንሽ ክብ ነገር ላይ አጠንፍፎ ሽፋኑ ላይ ያኖራል፤ ከሁለት ቀን በኋላ መስኮቱን ከፍቶ ያያል። ነገሩ የደም ሥር እድገትን የሚያግድ ከሆነ ዙሪያው ራቁቱን ይቀራል። ዋጋው ርካሽ፣ ውጤቱ ለዓይን ግልጽ፣ ፎቶው ለጽሑፍ የተመቸ ነው። ከቅጠል፣ ከሥር፣ ከቅርፊት፣ ከቅመም የተጨመቀ ሁሉ እዚያ ሽፋን ላይ መፈተኑ አያስገርምም፤ የሚያግድ ሆኖ መገኘቱም እንዲሁ። ሕዋስ የሚገድል ነገር ሁሉ ራቁት ቦታ ይተዋል። ለምን እንዳገደ፣ በምን ያህል መጠን እንዳገደና ያ መጠን በሰው ደም ውስጥ ሊገኝ ይችል እንደሆነ ካልተጠየቀ ዕንቁላሉ የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው። ብዙዎቹ ጽሑፎች ይህን ሳይጠይቁ ያበቃሉ።

የጠየቁትን ስንከተል ወደ ሁለት በጣም የተለያዩ የዕፅዋት ወገኖች እንደርሳለን፤ ወደ መርዞቹና ወደ ወጥ ቤት ቅመሞቹ። የሚሠሩት በአብዛኛው መርዞቹ ናቸው።

ተክል ከሚበላው እንስሳ ሮጦ አያመልጥም። ራሱን ለመከላከል ከሚያመርታቸው ኬሚካሎች መካከል በጣም የተሳካላቸው የእንስሳትን ሁሉ ሕዋስ አንድ የጋራ ክፍል የሚነኩት ናቸው። ቱቡሊን የተባለ ፕሮቲን እየተቀጣጠለ ማይክሮቱቡል የሚባሉ ቀጫጭን ዘንጎች ይሠራል፤ ሕዋስ በእነሱ ቅርጹን ይይዛል፣ ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን በእነሱ ይጎትታል። ኮልቺኩም ከተባለው አበባ የሚወጣው ኮልቺሲን፣ ከማዳጋስካሯ ቪንካ የሚወጣው ቪንብላስቲን፣ ከፓሲፊክ ዳርቻው የዩ ዛፍ የሚወጣው ታክሶል ሁሉም ቱቡሊንን ይይዛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዘንጉ እንዳይቀጣጠል ያደርጋሉ፤ ታክሶል ግን እንዳይፈርስ ያደነድነዋል፤ ሕዋሱ በዚህም በዚያም መከፈል አይችልም።

የቪንካ ታሪክ ተመራማሪ የሚፈልገውን ሲያጣ ያልፈለገውን እንደሚያገኝ ያሳያል። በ1952 አንድ የቶሮንቶ ሐኪም፣ ክላርክ ኖብል፣ ከጃማይካ ቅጠል ተላከለት፤ እዚያ ለስኳር በሽታ አፍልተው ይጠጡታል ተብሎ ነበር። ቅጠሉን በዌስተርን ኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲ ለሚሠራው ወንድሙ ለሮበርት ሰጠው። የአይጦቹ ስኳር አልወረደም። በመርፌ የተወጉት አይጦች ግን በኢንፌክሽን ይሞቱ ጀመር፤ ነጭ የደም ሕዋሶቻቸው አልቀው ነበርና። በ1958 ቻርልስ ቢር ከቅጠሉ ያወጣው ቪንብላስቲን የሆጅኪን ሊምፎማን ጨምሮ ለተለያዩ ካንሰሮች መድኃኒት ሆነ።

ከአርባ ዓመት በኋላ ይኸው አሮጌ መድኃኒት ሌላ ገጽ አሳየ። ኬሞቴራፒ በተለምዶ ገላ ሊችለው የሚችለው ከፍተኛው መጠን በአንድ ጊዜ ይሰጥና መቅኒው እስኪያገግም ድረስ ለሳምንታት ዕረፍት ይደረጋል። በዕረፍቱ መቅኒው ብቻ አያገግምም፤ ዕጢው ውስጥ የተመቱት የደም ሥሮችም ያንሰራራሉ። በ2000 ቶሮንቶ የሚገኘው የሮበርት ከርበል ቡድን ለአይጦች ቪንብላስቲንን በትንሽ በትንሹ፣ ያለ ረጅም ዕረፍት፣ የቪኢጂኤፍን ተቀባይ ከሚዘጋ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ሰጠ። ዕጢዎቹ እየከሰሙ ሄዱ፤ አይጦቹም በግልጽ አልተጎዱም። በዚያው ዓመት የፎክማን ባልደረቦች በሌላ መድኃኒት፣ በሳይክሎፎስፋማይድ፣ ተመሳሳይ ነገር አሳዩ። የተቀየረው መድኃኒቱ ሳይሆን ሰዓቱና መጠኑ ነበር። እኔ በግሌ በዚህ መስክ ከታዩት ነገሮች ሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ አዲስ ተክል ፍለጋ ተራራ ሲወጣ፣ መደርደሪያ ላይ የነበረው ጠርሙስ ሌላ ሥራ ሲችል ተገኘ። በሰው ላይ ግን ውጤቱ ከካንሰር ካንሰር ይለያያል፤ የአይጡን ያህል ያማረ አልሆነም።

የደም ሥርን በማጥቃት ከዕፅዋት ውህዶች ሁሉ የሚታወቀው ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከ1960 እስከ 1982 ድረስ ከዓለም ዙሪያ ከ100,000 በላይ የዕፅዋት ጭማቂዎችን ሲያስመረምር፣ ኮምብሬተም ካፍረም የተባለው ዛፍ በ1970ዎቹ ተሰብስቦ ገባ። በወንዝ ዳር የሚበቅል ዛፍ ነው። ዙሉዎች ጠላትን ለመጉዳት ይጠቀሙበት እንደነበር ይነገራል፤ እውነት ከሆነ ስለ ዛፉ ከሳይንቲስቶቹ ቀድመው አንድ ነገር ያውቁ ነበር ማለት ነው። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጆርጅ ፔቲት ቡድን ኮምብሬታስታቲን ያለውን የመጀመሪያውን ውህድ በ1982 አሳወቀ፤ ከቤተሰቡ ሁሉ ኃይለኛውን፣ ኮምብሬታስታቲን ኤ-4ን፣ ደግሞ በ1989።

ኤ-4 ቱቡሊንን የሚይዘው ኮልቺሲን በሚይዝበት ቦታ ነው። ኮልቺሲን ራሱ በ1930ዎቹ የእንስሳት ዕጢ ውስጥ ደም እንደሚያፈስ ታይቶ ነበር፤ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው መጠን ግን እንስሳውን ለመግደል የሚበቃ ያህል ስለሆነ ነገሩ ተተወ። ኤ-4 የተለየው በዚህ ነው። እንስሳው ሊችለው ከሚችለው በታች በሆነ መጠን የዕጢውን ደም ያቆማል። በ1997 በወጣ አንድ ጥናት አይጦች በተወጉ በስድስት ሰዓት ውስጥ ዕጢያቸው ውስጥ ደም የሚያልፍበት የሥር መጠን ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። አቫስቲን አዲስ የደም ሥር እንዳይበቅል ያግዳል፤ ኤ-4 የበቀለውን ያፈርሳል። የዕጢ የደም ሥር በችኮላ የተሠራ ነው፤ ጠማማና የሚያንጠባጥብ፣ ከውጭ የሚደግፉት ሕዋሳት የሳሱበት። የጤነኛ የደም ሥር ውስጠኛ ሕዋስ ከማይክሮቱቡል በተጨማሪ የሚደገፍበት ሌላ ጠንካራ ነገር አለው፤ አዲሱ የዕጢ ሥር ሕዋስ ግን ቅርጹን የሚይዘው በማይክሮቱቡሉ ነው። ዘንጎቹ ሲፈርሱበት ምሰሶው እንደተነቀለ ድንኳን ይወድቃል። ከዝርግ ቅርጹ ወጥቶ ይጠቀለላል፣ የሥሩን ቀዳዳ ይዘጋል፤ ደሙ ይወፍራል፣ ይቆማል፣ ይረጋል። ከዚያ በኋላ የዕጢው መሐል በሙሉ በሰዓታት ውስጥ ይበሰብሳል።

መሐሉ ብቻ። ዳሩ ይተርፋል። የዕጢው ዳር የሚመገበው አጠገቡ ካለው ጤነኛ ሥጋ ነው፤ የጤነኛው የደም ሥር ደግሞ አይፈርስም። ኤ-4 ጤነኛውን የሚምርበት ምክንያት ዕጢውን ከመጨረሻው ሞት የሚያድንበት ምክንያት ሆነ። የተረፈው ቀጭን ሽፋን፣ ጥቂት ሕዋሳት ውፍረት ያለው፣ በቀናት ውስጥ እንደገና መስፋፋት ይጀምራል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ከኬሞቴራፒ፣ ከጨረርና ከአቫስቲን ጋር ሊያጣምሩት ሞከሩ፤ አንዱ መሐሉን እንዲገድል፣ ሌላው ዳሩን እንዲጠብቅ።

ውሃ ውስጥ እንዲሟሟ ፎስፌት ተጨምሮበት፣ ፎስብሬታቡሊን ተብሎ፣ ሰው ላይ ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች አንዱ፣ አናፕላስቲክ የተባለው እጅግ ገዳይ የታይሮይድ ካንሰር የነበረበት፣ ዕጢው ጨርሶ ጠፋለት። በዚህ በሽታ አብዛኛው ሰው ዓመት አይሞላም፤ ስለዚህ ተስፋው ከፍ አለ። ተከትሎ የመጣው 80 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ሙከራ ግን የመካከለኛ ዕድሜውን ከ4.0 ወር ወደ 5.2 ወር ከፍ አድርጎ፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ አልጸናም። የአንድ ሰው ተአምራዊ መዳን እውነት ነበር፤ ለሚቀጥለው ሰው ግን ዋስትና አልሆነም። ጉዳቱም ይጠበቅ ከነበረው መጣ፤ የደም ግፊት መጨመር፣ ዕጢው ያለበት ቦታ ላይ ሕመም፣ በአንዳንዶች ደግሞ የልብ የደም እጥረት። በ2017 በማህጸን ዕንቁላል ዕጢ ካንሰር ላይ ይካሄድ የነበረው ሙከራ በመሐል ውጤቱ ታይቶ ጥቅም ስላልተገኘ ቆመ። ዛፉ መድኃኒት አልሆነም። የዕጢ የደም ሥር ከጤነኛው በምን እንደሚለይ ግን ከብዙ የተሳካላቸው መድኃኒቶች የበለጠ አስተምሯል።

የዚያው የአሜሪካ አሰሳ አንድ እጅ ኢትዮጵያም ደርሷል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የዕፅዋት ሰብሳቢዎች ከኢትዮጵያ ይዘው ከሄዱት መካከል ማይቴነስ የተባለ ቁጥቋጦ ነበር፤ በደጋና በወይና ደጋ አጣጥ እያልን የምንጠራቸው እሾሃሞች ወገን። በ1972 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሞሪስ ኩፕቻን ቡድን ከዚህ ተክል ማይታንሲን የተባለ ውህድ ማውጣቱን አሳወቀ። እሱም ቱቡሊንን ይይዛል፤ ኃይሉ ግን ከቪንብላስቲን ብዙ እጥፍ ነው። መጠኑ እጅግ ትንሽ ስለነበር ጥቂት ለማግኘት ብዙ ተክል መፈጨት ነበረበት፤ በኋላ የኬንያ ዘመዱ የበለጠ ይዞ ተገኘ። በ1970ዎቹ ሰው ላይ ሲሞከር ነርቭና አንጀት ጎዳ፤ ዕጢውን ለመምታት የሚያስፈልገው መጠን ሕመምተኛውን የሚመታ መጠን ነበር። ተጣለ።

የተነሣው ሌላ ተሸካሚ ሲያደርሰው ነው። ማይታንሲንን የመሰለ መርዝ፣ ኤችኢአር2 የተባለውን ፕሮቲን ፈልጎ ከሚይዝ ትራስቱዙማብ ከተባለ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተቆራኝቶ ተሠራ። ፀረ እንግዳ አካሉ ያንን ፕሮቲን በብዛት የተሸከመውን የጡት ካንሰር ሕዋስ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መርዙ የሚለቀቀው እዚያ ነው። በ2012 በወጣው ጥናት ይህ መድኃኒት የተሰጣቸው ሴቶች የመካከለኛ ዕድሜ 30.9 ወር ሲሆን በነባሩ ሕክምና 25.1 ወር ነበር፤ በየካቲት 2013 ካድሳይላ በሚል ስም ተፈቀደ። ይህ መድኃኒት የደም ሥር ማገጃ አይደለም። ወደዚህ ምዕራፍ የገባው ለዕፅዋት መርዝ የጎደለው ነገር ምን እንደነበር ስለሚያሳይ ነው። ኃይል ሞልቶት ነበር፤ አድራሻ አልነበረውም።

ዛሬ የመድኃኒቱ መነሻ የሚመረተው ከቁጥቋጦ ሳይሆን አክቲኖሲኔማ ከተባለ ባክቴሪያ፣ በብረት ጋን ውስጥ ነው፤ ተክሉም ራሱ ውህዱን የሚያገኘው ሥሩ አካባቢ ከሚኖሩ ጥቃቅን ተህዋስያን ሳይሆን አይቀርም። ተክሉ ከአገር ሲወጣ ስለ ጥቅም መጋራት የሚደነግግ ሕግ በኢትዮጵያም ሆነ በዓለም አልነበረም። የኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የወጣውን ተክል ወደ ኋላ ተመልሶ አይይዘውም። አጣጥ አፍልቶ መጠጣት ደግሞ መድኃኒቱን መጠጣት አይደለም፤ አድራሻ የሌለውን መርዝ መጠጣት ነው።

አሁን ወደ ወጥ ቤቱ እንምጣ፤ አንባቢው ከመጀመሪያው የሚጠብቀው ይህን እንደሆነ አውቃለሁ። ካንሰር የገባበት ቤት ሁሉ እርድ በማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አረንጓዴ ሻይ የሚመክር ዘመድ አለው፤ ቴሌግራም ላይም የሚልክ። ከምክሩ ጀርባ ያለው ሳይንስ ፈጠራ አይደለም። በ1993 ቴዎዶር ፎትሲስና ባልደረቦቹ ዕፅዋት አብዝተው ከሚበሉ ሰዎች ሽንት ውስጥ ጄኒስታይንን አውጥተው የደም ሥር ሕዋሳትን እድገት እንደሚያግድ አሳይተዋል፤ ምንጩ አኩሪ አተር ነው። ጃክ አርቢዘር በ1998 የእርዱን ኩርኩሚን በተመለከተ ተመሳሳይ ነገር ጻፈ። በ2008 የጥቁር አዝሙድ ቲሞኩዊኖን አይጥ ውስጥ የዕጢን የደም ሥር እንደሚቀንስ ተዘገበ። የሻዩ ነገር ከሁሉም ይለያል፤ በ1999 ስቶክሆልም ውስጥ ይሃይ ካኦና ሬንሃይ ካኦ አይጦችን ሻይ ብቻ እያጠጡ ዓይናቸው ላይ የሚበቅለው የደም ሥር መቀነሱን ኔቸር ላይ አሳወቁ። በመርፌ ሳይሆን በመጠጣት ነበር፤ ይህንን ማቃለል አይገባም።

ችግሩ የሚጀምረው የሰው ጨጓራ ላይ ነው። በአንድ ጥናት ፈቃደኞች ከግማሽ ግራም እስከ 12 ግራም ኩርኩሚን በአንዴ ዋጡ። እስከ 8 ግራም የዋጡት ሰዎች ደም ውስጥ ምንም አልተገኘም፤ ከዚያ በላይ ከወሰዱት የሁለቱ ደም ውስጥ ብቻ ጥቂት ታየ። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ደግሞ ጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ 8 ግራም ኩርኩሚን ለማግኘት በመቶ ግራም የሚቆጠር እርድ መዋጥ ያስፈልጋል፤ የትኛውም አልጫ ይህን አይችልም። አንጀት ውህዱን በደንብ አይቀበለውም፤ የተቀበለውን ጉበት ወዲያው ይለውጠዋል፣ ያስወግደዋል። በ2017 የመድኃኒት ኬሚስቶች ስለ ኩርኩሚን የተጻፈውን ሁሉ ገምግመው ሲያወጡ ሌላም አከሉ። ውህዱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከብዙ ፕሮቲኖች ጋር በዘፈቀደ ይጣበቃል፣ ይበታተናል፣ ያበራል፤ መለኪያ መሣሪያዎቹን ራሳቸውን ያሳስታል። ከመቶ በላይ የሰው ሙከራዎች ተደርገው፣ አስመሳይ ክኒን ከወሰዱ ሰዎች ጋር በምስጢር ከተነጻጸሩት መካከል የተሳካ አልተገኘም።

ቅመሞቹ ለምን ደካማ ሆኑ ለሚል መልሱ ለምን ቅመም ሆኑ ከሚለው ጋር አንድ ይመስለኛል። በየቀኑ ወጥ ውስጥ ጨምረን የምንበላው፣ ገላችን በቀላሉ የሚያስወግደውን ነው። ኮልቺኩምን ማንም ወጥ ውስጥ አይጨምርም።

የደም ሥር ማገድ ወሬ ገበያ የሚያገኘው በቀላሉ ነው። በ1992 ሻርክ ካንሰር አይይዘውም የሚል መጽሐፍ ወጥቶ፣ የሻርክ ልምላሚት አጥንት የደም ሥር የሚያግድ ነገር አለው በሚል ክኒኑ ተቸበቸበ። ሻርክ ካንሰር ይይዘዋል። ከአጥንቱ የተሠራው ምርትም በሳንባ ካንሰር ላይ ሲፈተን ዕድሜ አልጨመረም። በዚያ ገበያ የተጎዱት ሻርኮችና ሕመምተኞች ናቸው።

አይጠቅምም፣ አይጎዳም የሚለው መጽናኛም ሁልጊዜ አይሠራም። በ2009 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአረንጓዴ ሻይ ዋና ውህድ፣ ኢጂሲጂ፣ መልቲፕል ማየሎማ ለተባለ የደም ካንሰር የሚሰጠውን ቦርቴዞሚብን ያግዘዋል ብለው ፈተሹ። የሆነው ተቃራኒው ነው። የሻዩ ውህድ መድኃኒቱን በቀጥታ ይዞ ከጥቅም ውጪ አደረገው፤ ሻዩ የተሰጣቸው አይጦች ውስጥ ዕጢው ሕክምና እንዳልተሰጠ ሆኖ ቀጠለ። የሻይ ቅጠል ጭማቂ የታመቀባቸው ክኒኖች በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጉበት እንደሚጎዱም ይታወቃል፤ ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ጉበት ደግሞ ሌላ ሸክም አይፈልግም። ስለዚህ ሕመምተኛው የሚወስደውን ቅጠልና ቅመም ሁሉ ለሐኪሙ መናገር አለበት። ሐኪሙም ሳይቆጣ መስማት አለበት፤ ከተቆጣ በሚቀጥለው ቀጠሮ አይነገረውም።

የአረንጓዴ ሻይ ውህዶች ግን ከሐኪም ማዘዣ ላይ ጨርሰው አልቀሩም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2006 ከሻይ ቅጠል የተጣራ ቅባት ፈቅዷል፤ በኤጀንሲው አዲሱ የዕፅዋት መድኃኒት መመሪያ መሠረት የመጀመሪያው ነበር። የውህዱ መጠን 15 በመቶ ነው፤ ሻይ በመጠጣት የትኛውም ሰው ደሙ ውስጥ ሊያገኘው የማይችለው። የተፈቀደለት በሽታ በብልትና በፊንጢጣ አካባቢ ቆዳ ላይ የሚወጣ ኪንታሮት ነው፤ በጣት ይቀባል፣ ጨጓራም ጉበትም አያገኙትም።